ስምንት ኮከብ፣ አንድ ቦርጭ

ጥያቄውን አሳጥሬ ላቅርበው። ጠያቂው 41 ዓመታቸው ነው። ባሕር ዳር ቢሮ ይሠራሉ፤ ያደጉት ዘጌ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት መሥሪያ ቤታቸው ለሠራተኛው ሁሉ ቼክአፕ አስደረገ። ሲሄዱ ምንም አያማቸውም ነበር። ወረቀቱ ሲመጣ ግን ስምንት ቦታ ላይ ኮከብ ተደርጎበታል።

«ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም» ይላሉ። «ጉበቴ ነው? ስኳሬ ነው? ደሜ ነው? በምርመራው ዋዜማ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ቁርጥ በልቼ ሁለት ቢራ ጠጥቻለሁ። ጠዋት ግን ምግብ አልቀመስኩም፤ አንዲት ማኪያቶ ብቻ ነው የጠጣሁት። አሁን እንጀራ ትቼ ዳቦና ፓስታ ነው የምበላው። ጎረቤታችን ለጉበት ይሆናል ብለው የባህል መድኃኒት ሰጥተውኝ ከትናንት በስቲያ ጀምሬዋለሁ። ለታይፎይድ ደግሞ ሲፕሮ ታዞልኛል፤ ገና አልጀመርኩትም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የወንድሜ ሠርግ ነው። ዶክተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሠርጉ ላይስ መጠጣት እችላለሁ?»

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። ነጭ የደም ሴል 3,600፤ ከዚያ ውስጥ ኒውትሮፊል 48 በመቶ፣ ኢዮሲኖፊል 9 በመቶ። ሄሞግሎቢን 17.3። የጾም ስኳር 109። ኤስ ጂ ፒ ቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም 58፣ ወንድሙ ኤስ ጂ ኦ ቲ 37። ትራይግሊሰራይድ 231። ዩሪክ አሲድ 7.4። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ 1 ለ 80። ክብደት 84 ኪሎ፣ ቁመት 1 ሜትር ከ70። ኩላሊቱ፣ ሽንቱና ኮሌስትሮሉ ደህና ነው።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ዛሬውኑ ሦስት ነገር ያድርጉ። የባህል መድኃኒቱን ያቁሙ። ሲፕሮውን አይጀምሩ። ወደ እንጀራዎ ይመለሱ። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

በአካል አላየሁዎትም፤ ሆድዎን አልዳሰስኩም። ስለዚህ የምለው ሁሉ ወረቀቱንና የጻፉልኝን ይዤ ነው። ይህንን ይዤ ግን ስምንት በሽታ የለብዎትም ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ከስምንቱ ኮከብ አራቱ የአንድ ነገር ልጆች ናቸው። የቀሩት አብዛኞቹ የአገሩ አየርና የሰውነትዎ ጸባይ ናቸው። አንዱ ደግሞ መጀመሪያውኑ መታዘዝ አልነበረበትም።

ኮከቡ ከየት እንደሚመጣ ልንገርዎት። ኮከቡን ሐኪም አይደለም የሚያስቀምጠው፤ ማሽኑ ነው። ማሽኑ ውስጥ ከዚህ እስከዚህ ኖርማል ነው የሚል ድንበር ተሞልቷል። ቁጥሩ ድንበሩን በነጥብ አንድ ካለፈ ኮከብ ይተፋል። በእጥፍ ቢያልፍም ያው ኮከብ ነው። ማሽኑ እርስዎን አያውቅም። ምን እንደበሉ አያውቅም። ባሕር ዳር መሆንዎን እንኳ አያውቅም።

ድንበሩ ራሱ እንዴት ወጣ? ለአብዛኞቹ ምርመራዎች ጤነኛ የተባሉ ሰዎች ይሰበሰቡና ይለካሉ። ከላይ ሁለት ተኩል በመቶ፣ ከታች ሁለት ተኩል በመቶ ይቆረጣል። መሐል የቀረው 95 በመቶ ኖርማል ይባላል። አስተውሉ፤ የተቆረጡትም ጤነኞች ነበሩ። እንግዲህ ከ20 ጤነኛ ሰው አንዱ በአንድ ምርመራ ኮከብ ያገኛል ማለት ነው። አንድን ጤነኛ ሰው እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ምርመራዎች ብናደርግለት ደግሞ ቢያንስ አንድ ኮከብ የማግኘት ዕድሉ 64 በመቶ ነው። የእርስዎ ወረቀት ላይ ከ30 በላይ መስመር ቆጥሬያለሁ። ባዶ ቢሆን ነበር የሚገርመኝ።

የስኳርና የስብ ድንበር ግን እንዲህ አይደለም የተሰመረው። እዚያ የሚታየው ከስንት ቁጥር በላይ ሰው ወደፊት ይጎዳል የሚለው ነው። ስለዚህ በእነዚህ ላይ ትንሽ ማለፍም ትርጉም አለው። ልዩነቱን ያዙልኝ።

ከነጭ ደም ሴሉ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ነው። 3,600 ሲያይ ኤችአይቪ ወይም የደም ካንሰር ይመስለዋል። ማሽኑ ዝቅተኛው 4,000 ነው ይላል። ይህ ድንበር ከእኛ ርቆ ባለ ሕዝብ ላይ የተሠራ ነው። አፍሪካ ውስጥ ምንም ሳይኖርባቸው ነጭ ሴላቸው፣ በተለይ ኒውትሮፊሉ፣ ዝቅ ብሎ የሚኖር ብዙ ሰዎች አሉ። በዘር የሚወረስ ነው፤ በሽታን ለመከላከልም አያንሳቸውም። ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ላይም ሐኪሞች ይህንኑ መዝግበዋል። እነሱ ደግሞ ከዚሁ ከጣና ማዶ፣ ከጎንደር በኩል የሄዱ ጎረቤቶቻችን ናቸው።

የእርስዎን እናስላው። ከ3,600 ውስጥ 48 በመቶው 1,728 ይሆናል። ከ1,500 በላይ እስከሆነ ድረስ ኒውትሮፊልዎ አያሳስበኝም። የድሮ ወረቀት ካለዎት ይፈልጉት። ከአምስት ዓመት በፊትም 3,700 ምናምን ከነበረ ነገሩ አለቀ፤ ያ የእርስዎ ኖርማል ነው። በነገራችን ላይ የድሮ ውጤት አትጣሉ። ሰው የመብራት ደረሰኝ አሥር ዓመት ያስቀምጣል፣ የደም ውጤቱን ግን ባጃጅ ላይ ረስቶ ይወርዳል።

ኢዮሲኖፊሉም እንደዚያው ነው። 9 በመቶ ሲባል ያስፈራል። የ3,600 ዘጠኝ በመቶ ግን 324 ነው። ከፍ አለ የምንለው ከ500 ሲያልፍ ነው። ጠቅላላው ስላነሰ ነው በመቶው የተነፋው። ስለዚህ ይህ ኮከብ በሒሳብ ብቻ ወድቋል።

ግን ዝም ብዬ አላልፈውም፤ ይህ ሴል ሰውነት ውስጥ ትል ሲኖር ይበዛል፤ እርስዎ ደግሞ ዘጌ ነው ያደጉት። የዘጌ ልጅ ጣና ውስጥ ሳይዋኝ አያድግም። እኔም ሐይቁ ዳር ነው ያደግሁት፤ ከታንኳ ላይ እየዘለልን ነበር የምንውለው። ጣና ዳር ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ በቀንድ አውጣ አድርጎ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ከዚያ በቆዳ ይገባል። የእኛ አካባቢው ዓይነት አንጀትና ጉበት ላይ ነው የሚቀመጠው። ለዓመታት ያለምንም ሕመም ሊቆይ ይችላል፤ ከቆየ ደግሞ የጉበትን ደም ሥሮች ዙሪያ ያጠነክራል። በዚህ ደረጃ እንኳ የጉበት ኢንዛይሙ ኖርማል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰገራ ያስመርምሩ። አንዴ ሳይሆን በተለያየ ቀን ሁለት ሦስቴ፤ እንቁላሉ በየቀኑ እኩል አይወጣምና። ከተገኘ ሕክምናው ቀላል ነው፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን በክብደት ተለክቶ ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ቀን ነገር ነው። ይህንን የምለው ኮከቡን አይቼ ሳይሆን አድራሻዎን አይቼ ነው።

ሄሞግሎቢን 17.3። የማሽኑ ጣሪያ 17 ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍ ባለ ቦታ ኦክስጅን ይሳሳል፤ ሰውነት ደግሞ ቀይ ሴል ጨምሮ ያካክሳል። በእኛ ከፍታ ይህ ወደ አንድ ግራም ገደማ ይጨምራል። ያንን ቢቀንሱት 16 ላይ ይቀመጣሉ፤ ፍጹም ደህና። ብቻ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ መልሱን ከእርስዎ ሳይሆን ከባለቤትዎ ነው የምፈልገው። ያንኮራፋሉ? እንቅልፍ ላይ ትንፋሽዎ ቁርጥ ብሎ ይመለሳል? ቦርጭ ያለበት ሰው እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ ሲቋረጥ ኦክስጅኑ ይወርዳል፤ ያም ሄሞግሎቢንን ይገፋል። ሲጋራም እንደዚያው። ባለቤትዎ «ኧረ ቤቱን ነው የሚያናውጠው» ካሉ ለሚያየዎት ሐኪም ይንገሩት።

አሁን ወደ ዊዳል። እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ ፍቀዱልኝ።

በአገራችን «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ» ያላለ ሰው አለ? ራስ ምታት፣ ዊዳል። ድካም፣ ዊዳል። ይኸው አሁን ደግሞ ምንም ያላመመው ሰው፣ ዊዳል። ምርመራው ከ1896 ጀምሮ ያለ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። የሚያየው ባክቴሪያውን አይደለም። ሰውነት ያመረተውን መከላከያ፣ ማለትም አንቲቦዲውን ነው የሚያየው። አንቲቦዲ ደግሞ ከድሮ ኢንፌክሽን ይቀራል፤ ከክትባት ይመጣል፤ የባክቴሪያው ዘመዶችም ያስነሱታል፤ ወባ የያዘው ሰው ላይ ሳይቀር ፖዘቲቭ ይላል። እንደ እኛ ባለ፣ ታይፎይድ ለዘመናት በኖረበት አገር 1 ለ 80 ማለት «ይህ ሰው እዚህ አገር ይኖራል» እንደማለት ነው። የታይፈሱ ምርመራም ከዚህ አይሻልም። ታይፎይድን በደንብ የሚያረጋግጠው ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አሳድጎ የሚያሳየው የደም ካልቸር ነው።

ጀማሪ ሐኪም እያለሁ እኔም ይህንን ወረቀት እያየሁ መድኃኒት ጽፌያለሁ። አንድ ሰው በዓመት ውስጥ አራት ጊዜ «ታይፎይድ» ይዞት አራት ጊዜ አከምኩት። በአምስተኛው ስኳሩን ለካሁት። ድካሙ የስኳር ነበር። እስከዛሬ ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል።

እርስዎ ትኩሳት የለዎትም። ሆድዎን አያምዎትም። ምንም የለዎትም። ታይፎይድ የያዘው ሰው ሠርግ አያቅድም፤ አልጋ ላይ ነው። ሲፕሮ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ጅማት ሊጎዳ ይችላል፤ ያለ ምክንያት ሲወሰድ ባክቴሪያውን ያለማምደዋል። ያዘዘልዎትን ሰው በክብር ይጠይቁት፤ «ትኩሳት ሳይኖረኝ ለምን?» ይበሉት። ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

የቀሩት አራት ናቸው፤ ስኳር፣ ኤስ ጂ ፒ ቲ፣ ትራይግሊሰራይድ፣ ዩሪክ አሲድ። እነዚህን ለየብቻ አይዩዋቸው። ተያይዘው ነው የመጡት።

በመጀመሪያ ግን ማኪያቶዋ። ወንድሜ፣ ማኪያቶ ምግብ ነው! ወተት አለበት፤ ወተት ውስጥ ስኳር አለ፤ ከላይ ደግሞ ሁለት ማንኪያ ሳይጨምሩበት እንዳልቀሩ እገምታለሁ። የጾም ስኳር ማለት ከስምንት ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ከንጹህ ውሃ በስተቀር ምንም ሳይቀመስ ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ጾም አይደለም፤ የሥጋና የወተት ጉዳይ አይደለም። የሻይ ስኳርም ይፈታዋል። ስለዚህ 109 የጾም ስኳርዎ አይደለም። ምንነቱን አናውቅም።

የእውነት ጾመው 109 ቢሆን እንኳ ማን ጋ እንደሄዱ ይወስነዋል። የአሜሪካ የስኳር ማኅበር ከ2003 ወዲህ ከ100 እስከ 125 ያለውን «ቅድመ ስኳር» ይለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጀምረው ከ110 ነው። በ109 እንግዲህ በአንዱ መዝገብ ታማሚ ለመሆን የተጠጉ፣ በሌላው ጤነኛ ነዎት። ስኳር በሽታ ለማለት ግን ምልክት የሌለው ሰው ላይ 126 ወይም ከዚያ በላይ፣ ያውም በሌላ ቀን ተደግሞ መታየት አለበት። በዚህ ወረቀት «ስኳር አለብህ» ያለዎት ካለ አይስሙት።

ትራይግሊሰራይዱም እንደዚያው። ይህ በደም ውስጥ የሚዞር ስብ ነው፤ ከ150 በታች ቢሆን ይመረጣል። የማታ ምግብና የማታ ቢራ ጠዋት ላይ ይታይበታል። እርስዎ ደግሞ በቁርጥና በቢራ አድረው፣ ማኪያቶ አስከትለው ነው የተለኩት። ዩሪክ አሲድም ያው፤ ሥጋና ቢራ ይወዳል። ከ55 ቀን ሁዳዴ በኋላ ሰዉ ሁሉ በሥጋ ላይ በተረባረበበት ሳምንት ቼክአፕ ማዘጋጀት የማን ሐሳብ እንደነበር አላውቅም። ከመሥሪያ ቤትዎ ግማሹ ሰው ኮከብ ሳያገኝ አልቀረም። ዩሪክ አሲድ 7.4 ሆኖ የእግር ጣት የሚያቃጥል ሪህ ወይም የኩላሊት ጠጠር ከሌለ መድኃኒት አያስፈልገውም። ውሃ ይጠጡ፤ በቃ።

ማኪያቶውንና ቁርጡን ሁሉ ብናወጣ ግን ኤስ ጂ ፒ ቲው ይቀራል። አንድ ማታ እንዲህ አያደርገውም። 58፣ ጣሪያው 40። አንዳንዱ ላብራቶሪ ኤ ኤል ቲ ብሎ ይጽፈዋል፤ አንድ ነገር ነው። የጉበት ሴል ሲቆጣ ወደ ደም የሚያፈስሰው ኢንዛይም ነው። አጣዳፊ የጉበት በሽታ ሲሆን በመቶዎች፣ አንዳንዴ በሺዎች ይቆጠራል። 58 ጉበትዎ ደከመ ማለት አይደለም። ጉበትዎ ትንሽ አጉረመረመ ማለት ነው።

በምን? ሁለቱን ኢንዛይሞች አጠገብ ለአጠገብ ይዩአቸው። መጠጥ ጉበትን ሲጎዳ አብዛኛውን ጊዜ ኤስ ጂ ኦ ቲው ይበልጣል፤ እጥፍ ድረስ። በእርስዎ ግን ኤስ ጂ ፒ ቲው ነው የበለጠው። 84 ኪሎ በ1 ሜትር ከ70 ሲሰላ የክብደት መለኪያው 29 ይሆናል፤ 30 ላይ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። ይህ ሲደመር የሚጠቁመው የጉበት ስብን ነው። ቦርጩ ከቀበቶው በላይ ብቻ አይቀመጥም፤ ወደ ጉበትም ይገባል። ስብ የገባበት ጉበት ደግሞ ኢንሱሊንን እንደ ድሮው አይሰማም። ስኳሩን ይለቅቃል፤ ትራይግሊሰራይድ ያመርታል፤ ዩሪክ አሲዱም አብሮ ይወጣል። አራት ኮከብ፣ አንድ ቦርጭ። ወገብዎን በሜትር ይለኩት፤ በእምብርትዎ ትይዩ፣ ሆድዎን ሳያስገቡ። በወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆንልናል።

ግን የጉበት ስብ ነው ብሎ ከመደምደም በፊት አንድ ነገር መረጋገጥ አለበት። ወረቀትዎ ላይ ደጋግሜ ፈለግሁት፤ የለም። ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ምርመራ።

ስምንቱን ኮከብ እርሱት፤ እኔን ያሳሰበኝ ይህ ያልተደረገው ነው። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከእናት በወሊድ ወይም በልጅነት ይያዛል፤ በግብረ ሥጋ፣ በጋራ ምላጭና ባልተቀቀለ መሣሪያም ይተላለፋል። ከዚያ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ምንም ሳይል ይቀመጣል። ኤስ ጂ ፒ ቲውን 50 ወይም 60 አድርጎ ብቻ ሊኖር ይችላል። አንድ ቀን የጉበት መኮማተር ወይም ካንሰር ይዞ ይመጣል። የሕፃናት ክትባቱ አገራችን የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። እርስዎ ያኔ አዋቂ ነበሩ። ምርመራው ቀላል ነው፤ አንድ ጠብታ ደምና ጥቂት ደቂቃ። ሄፓታይተስ ሲም አብሮ ይታይ። ከተገኘብዎት ክትትልና መድኃኒት አለው፤ ባለቤትዎና ልጆችዎም ይመረመራሉ። ካልተገኘብዎት ደግሞ ክትባቱን በሦስት ዙር ይውሰዱና ይገላገሉ። ሰው «የወፍ በሽታ» ሲባል ዓይኑ ቢጫ ካልሆነ አያምንም። ይህኛው ግን ዓይን ቢጫ ሳያደርግ ነው የሚሠራው።

የባህል መድኃኒቱን አቁሙ ያልኩትም ለዚህ ነው። ጎረቤትዎ ለደግ ነው ያመጡት፤ ያመስግኗቸው። ግን ምን ቅጠል እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ አይታወቅም። ጉበት ነው ማንኛውንም የሚዋጥ ነገር የሚያጣራው። የተቆጣ ጉበት ላይ ያልታወቀ ቅጠል መጨመር ነገሩን ያብሳል። ከቅጠልና ከሥር የተነሳ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የመጣ ሰው ተቀብዬ አውቃለሁ። ሌላም ችግር አለው፤ በሚቀጥለው ምርመራ ኢንዛይሙ 120 ቢሆን ከቅጠሉ ነው ከበሽታው መለየት ያቅተናል።

ሌላም የጎደለ አለ። ደም ግፊትዎን አልጻፉልኝም። ከ30 መስመር ምርመራ ይልቅ በ41 ዓመት ሰው ላይ እሱ ይበልጥብኛል። አምስት ደቂቃ አርፈው፣ ጀርባዎን ደግፈው፣ ሳያወሩ፣ በሁለት በተለያየ ቀን ያስለኩት። ከ140 በ90 በላይ እየደጋገመ ከመጣ መታከም አለበት።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ውስጥ ሄፓታይተሱን፣ ሰገራውንና ግፊቱን ይጨርሱ። በዚያው የጾም ስኳሩንና ትራይግሊሰራይዱን ያስደግሙ። ከዚያ በፊት ሦስት ቀን እንደወትሮው ይብሉ፤ መጠጥ አይንኩ፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ እራት ይጨርሱና ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደም ይስጡ። የሦስት ወር የስኳር አማካይ የሚያሳየውንም ምርመራ ይጨምሩበት፤ ከ5.7 በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ6.5 ጀምሮ ስኳር ነው። ይህኛው ለማኪያቶ አይታለልም። ብቻ በቅርቡ ወባ ይዞዎት ከነበረ ይንገሯቸው፤ ወባ ቀይ ሴሉን ስለሚሰብር ውጤቱን ዝቅ አድርጎ ያሳስታል። ኤስ ጂ ፒ ቲውን ግን አይቸኩሉበት። ያለ መጠጥና ያለ ቅጠል ሁለት ሦስት ወር ይቆይና ይደገም። ያኔም ካልወረደ የሆድ አልትራሳውንድ ይታያል።

መሐል ላይ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ውሃ ጥሙና ሽንት መመላለሱ ከበዛ፣ ያለ ምክንያት ከከሱ ወይም ትኩሳት ከጀመረዎት ቀጠሮ አይጠብቁ።

የእርስዎን ዓይነት ወረቀት ይዘው ለሚጨነቁ ሌሎች አንባቢዎችም ልናገር። ትንሽ ማለፍ ሁሉ እኩል አይደለም። በወንድ ላይ ትንሽ ዝቅ ያለ ሄሞግሎቢን ከፍ ካለ ኮሌስትሮል ይልቅ ያሳስበኛል፤ ደሙ የት እየሄደ ነው ብሎ መፈለግ ያስፈልጋል፤ የጨጓራ ቁስል ሊሆን ይችላል፣ የመንጠቆ ትል ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። የኩላሊት መለኪያ የሆነው ክሬቲኒን 1.4 ቢሆን በአንድ ፈርጣማ ወጣት ላይ ምንም ላይሆን ይችላል፤ በ70 ዓመቷ ቀጭን እናት ላይ ግን ኩላሊቱ ከግማሽ በላይ ደክሟል ማለት ሊሆን ይችላል። ደጋግሞ የሚታይ የሽንት ደምም ችላ አይባልም።

ወደ ቦርጩ እንመለስ። ከ84 ኪሎ 7 በመቶው 6 ኪሎ ነው። 6 ኪሎ ከቀነሱ የጉበቱ ቁጣ ይበርዳል፤ 3 ኪሎ እንኳ ስቡን ያሳሳዋል። በወር አንድ ኪሎ ቢሄድ ይበቃል። እንጀራን ትቶ ፓስታ መብላት ግን የትም አያደርስም። ጤፉ አይደለም ያወፈረዎት፤ ከፊትዎ ያለው ትሪ ስፋቱ ነው። አንድ እንጀራ፣ ብዙ ሽሮና ምስር፣ ጎመን፣ አሳም ካማረዎት በዘይት የተጠለቀውን ሳይሆን ወጡን። ለስላሳውን ይተዉት። እግር ደግሞ ባሕር ዳር ያልሄደ የት ይሄዳል? ከተማዋ ሜዳ ናት፤ ሐይቁ ዳር ጥላ አለ። ከቢሮ ሲወጡ ባጃጁን ይለፉትና እስከ አባይ ድልድይ ሄደው ይመለሱ። ሳይክል ካለዎትማ የሳይክል አገር ነው። በቀን 30 ደቂቃ፣ ላብ ላብ እስኪልዎት። እሁድ ወደ ቤዛዊት ዳገቷን ይሞክሯት፤ ቦርጭዎ ምን ያህል እንደሆነ ያኔ ይነግርዎታል።

ሠርጉስ? እስከዚያ የሄፓታይተሱ ውጤት ይደርሳል። ካለብዎት ጠላም፣ ጠጅም፣ አረቄም የለም፤ ድርድር የለውም። ከሌለብዎትም ኢንዛይሙ እስኪደገም ድረስ ባይጠጡ ነው የምመርጠው፤ አለበለዚያ በሁለተኛው ወረቀት ላይም ስንገምት ልንኖር ነው። ዘመድ «ያንተ ወንድም ሠርግ ሆኖ?» ብሎ ብርሌውን ሲያስጠጋ «ሐኪም ከልክሎኛል» ይበሉ። ውሸት አይሆንብዎትም፤ ይኸው ከለከልኩዎት።

ቡና ግን ይጠጡ። የዘጌ ልጅ ቡና ተከልክሎ አይሆንም፤ ለጉበትም ጥሩ ስም ያለው ነገር ነው። ያለ ስኳር ከሆነ ሦስቱንም ስኒ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ማኪያቶዋ ደግሞ ከላብራቶሪ ሲወጡ፣ ጥጡ ክንድዎ ላይ እያለ።